ኖራ የተቀባው ምሽግ

እኔ ኖራ አልወድም። ሰው ድመት አልወድም፣ ሽንኩርት አልወድም እንደሚለው ነው የምለው፤ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ያሳስለኛል ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ማለፍ አቃተኝ። ወደ ሥራ የሚወስደን ሰርቪስ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ቆመ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነው መሰለኝ፣ ሁለት ጎረምሶች የመንገዱን ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባሉ። ገና ማለዳ ቢሆንም የድሬ ፀሐይ ድንጋዩን አግሎታል። እርጥብ ኖራ የጋለ ድንጋይ ሲነካ የሚያወጣው ሽታ በመስኮት ገባ፤ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ዝናብ ዝናብ የሚል፣ ትንሽም የተቃጠለ ነገር ያለበት። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ "ምን ሆንሽ?" አለችኝ። "ያሳስለኛል" አልኳት። አልሳልኩም ግን። አባቴ ነው ፊቴ ድቅን ያለብኝ፣ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ፣ እየሳቀ።

ባቡሩ የቆመበት ዓመት ነበር። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። አባቴን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሙሉጌታ ይለዋል፤ የሐዲድ ጥገና ጓድ አለቃ ነበር። አባቱም አያቱም ከባቡር ሌላ እንጀራ አያውቁም። ባቡሩ ደግሞ በአንድ ጊዜ አልቆመም። መጀመሪያ መዘግየት ጀመረ፤ ቀጥሎ አንዳንድ ቀን መቅረት አመጣ። አንድ ጠዋት አባዬ ለብሶ ወጣና ምሳ ሳይደርስ ተመለሰ። እማዬ "ምነው?" አለችው።

"ሥራ የለም" አላት።

እኔ የዛሬን ብቻ መስሎኝ ደስ አለኝ። እጁን ይዤ ልጫወት ብል እጁ ዝም ብሎ በእጄ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በኋላም በየማለዳው በሰዓቱ ይነሳል። ካኪውን ይለብስና ወንበሩን በሩ ላይ አውጥቶ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እማዬ ሻይ ስትሰጠው ፀሐይዋን አየት ያደርግና "አሁን ሁርሶ ጣቢያን አልፏል" ይላል። ማን እንዳለፈ አይናገርም። እኔ ሌላው ሰው የማያየው ባቡር ለእሱ ብቻ የሚታየው ይመስለኝ ነበር፤ ከጎኑ ቁጢጥ ብዬ እሱ በሚያይበት በኩል ዓይኔ እስኪያነባ አፈጥ ነበር።

እሱ የሚያይበት በኩል ከሰፈራችን ከሳቢያን ወደ መልካ ጀብዱ የሚወስደው መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ወዲያ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ወዲያ ደግሞ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ። ምሽጉ ያለው ኮረብታው አናት ላይ ነው። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው አያየውም። ድንጋዩ የተፈለጠው ከዚያው ከኮረብታው ስለሆነ ቀለማቸው አንድ ነው፤ ጣሪያው ከወደቀ ዘመን የለውም። ሁለት ክፍልና አንድ ክብ ማማ፣ በግድግዳው ላይ ጠመንጃ የሚያስወጡ ጠባብ ቀዳዳዎች፣ ግቢው ውስጥ የደረቀ የውኃ ጉድጓድ። ሌላ ነገር የለውም። ፍየሎች ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ይገቡበታል።

ያን ምሽግ ያሠሩት ሐዲዱን የዘረጉት ሰዎች ናቸው። እንደ አባዬ አነጋገር ያኔ የባቡሩ ሰዎች ሜዳውን ይፈሩ ነበር፣ የሜዳው ሰዎች ደግሞ ባቡሩን። ስለዚህ ሐዲዱን የሚጠብቁ ዘበኞች እዚያ ላይ ተቀመጡ። ከዘበኞቹ አንዱ የአባዬ አያት ነበር። ይህንን ታሪክ አባዬ ሲያወራ አብሮት ሐዲድ ሲጠግን የኖረው ኢብሮ ካለ ዝም አይልም።

"የእሱ አያት ከላይ ተደብቆ፣ የእኔ አያት ከታች ድንጋይ ሲወረውር" ይለኝ ነበር ኢብሮ። "አንቺ፣ ማን ነው ጀግናው? ወላሂ ፍረጂ!"

"ድንጋዩ ደርሶበት ነበር?" እለዋለሁ።

"ቢደርስበት አባትሽ ከየት ይመጣል አቦ!" ብሎ እስኪያስለው ይስቃል። አባዬም ይስቃል። እነዚያ ሁለት ሰዎች አያቶቻቸው የተጣሉበትን ሐዲድ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው ጠግነዋል።

የዚያን ዓመት ጥር ላይ፣ በሩ ላይ መቀመጡ ሳይሰለቸው አልቀረም፣ አባዬ እጄን ይዞ ወደ ምሽጉ ወሰደኝ። ማማው ውስጥ ገባን። ከውጭው ሙቀት በኋላ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፤ የፍየል በጠጥና የአሮጌ ጭስ ሽታ አለው። ግድግዳው በጭቃ ተለስኗል፤ ልስኑ ላይ ዘበኞቹ ሥራ ሲፈቱ በቢላ የጫሩት ሥዕል ሞልቷል። ግመል አለ፣ ጠመንጃ አለ፣ መስቀልና ጨረቃ ጎን ለጎን አሉ፣ ትልቅ ጉትቻ ያደረገች አንዲት ሴት አለች። ከሁሉ በላይ፣ አባዬ አንስቶ ካልያዘኝ በማልደርስበት ቦታ፣ ባቡር አለ።

"ይሄ የአያቴ ነው" አለኝ።

ፉርጎዎቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈዋል። ጭሱ በትናንሽ ክብ ክብ ተስሏል፤ እያንዳንዷ ክብ ጣቴን ልክ ታስገባለች። መስኮቱ ላይ አንድ ሰው እጁን አንስቷል።

"የት እየሄደ ነው?"

"ጅቡቲ።"

"ሰውዬውስ ማነው?"

"እንጃ ራሂ። ራሱ ይሆናል። እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያልፍ ሲያልፍ እያየ፣ መሄድ ያምረው ነበር መሰለኝ።" ጣቴን ከአንዷ ክብ ወደ ሌላዋ እያስገባሁ እስከ ጭሱ መጨረሻ ድረስ ያዘኝ፤ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር፣ ግን አላወረደኝም።

እማዬ በራችን ላይ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጥ ጀምራ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ሰው ሳምቡሳውን ቆሞ እየበላ፣ አፉ እየተቃጠለ፣ ለአባዬ ወሬ ነገረው። ቅርስ የሚመዘግቡ ባለሙያዎች ሊመጡ ነው። የመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ያለውን ምሽግ ሊያዩት ነው። ከተመዘገበ ቋሚ ጥበቃ ይቀጠርለታል።

"ከእርስዎ በላይ ደግሞ ማን ያውቀዋል ጋሽ ሙሉጌታ?" አለ ዘይቱን ከከንፈሩ እየጠረገ።

ሰውዬው ይህን ብሎ ሄደ፤ ለእሱ እንደ ቀልድ ያለ ወሬ ነው። አባዬ ግን ተነሳ። ቆቡን ራሱ ላይ አደረገ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ ካኖረ ጀምሮ ራሱ ላይ ሲያደርገው ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። እማዬ ከምጣዱ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሳምቡሳዋ ተመለሰች።

ችግሩ በዚያው ሰሞን ኢብሮም የራሱን ወሬ ይዞ መምጣቱ ነው። ኢብሮ ባቡሩ ሲቆም አልጠበቀም፤ ባጃጅ መንዳት ጀምሯል።

"ሙሌ፣ ወንድሜ ሁለተኛ ባጃጅ አወጣ" አለው። "ሹፌር ይፈልጋል። ሙሌ ነው የሚነዳው ብዬ ምዬልሃለሁ። እስከ ፋሲካችሁ ይጠብቅሃል።"

"ባጃጅ?"

"ባጃጅ። ሦስት ጎማ፣ አንድ መሪ። ሐዲድ የለውም፣ እሱ ነው የቸገረህ?"

"እኔ የባቡር ሰው ነኝ ኢብሮ።"

"አቦ እኔስ የምን ሰው ነበርኩ? የመርከብ?" ኢብሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሞቷል እኮ ሙሌ። ለቅሶውን ተቀምጠን ተነስተናል። ተነስ በቃ።"

"ምሽጉ ሲመዘገብ እኔ ነኝ የምጠብቀው። አያቴ የጠበቀውን።"

ኢብሮ እማዬን አያት። እማዬ "እኔን አትየኝ፣ እሱን አሳምነው" አለችው። ማታ ግን ሲጣሉ ሰማሁ። "ድንጋይ ሊያበላን ነው? አንተ ሰውዬ፣ ልጅ አለህ!" ትለዋለች። አባዬ "ትንሽ ጠብቂኝ" ብቻ ይላል፣ ደጋግሞ፣ ድምፁን ሳያነሳ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በሙሉ ልቤ ለአባዬ ነበር የማደላው። ባጃጅ ሰፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ምሽግ የሚጠብቅ አባት ያለው ግን ማን አለ?

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ገባ። ሌላ ቃል አላገኝለትም፣ ሥራ ገባ። ማለዳ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ይወጣል፣ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። የፍየሉን በጠጥ ጠርጎ አወጣ። የወደቁትን ድንጋዮች እየተሸከመ ግድግዳው ላይ መለሳቸው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ትንሿን ጀሪካን ይዤ እከተለዋለሁ። ፊቱ ላይ ሥጋ መለስ አለ፤ ማታ ማታ ለእማዬ ዛሬ የቱን ጥግ እንዳስተካከለ ይነግራታል። እማዬም እየቆየች መስማት ጀመረች። "ጣሪያስ አታለብሰውም?" አለችው አንድ ቀን፣ ሳቋን አፍና። ሳምቡሳ ሊገዛ ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ባለቤቴ ምሽጉ ላይ ነው" ስትል ሰምቻታለሁ።

ፋሲካ አለፈ። ባጃጁን ሌላ ሰው ያዘው። ኢብሮ ይህንን ሲነግረው አባዬ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድምህንም አመስግንልኝ" አለና፣ ከምሽጉ ጠርጎ ያወጣውን ቆሻሻ በባጃጁ ይጭንለት እንደሆነ ጠየቀው። ኢብሮ አናቱን አከከ።

የቀበሌው ሰው እንግዶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ አለ። አሁን ኖራውን መናገር አለብኝ።

ባቡር ላይ የኖረ ሰው ጉብኝት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሼፎቹ፣ የባቡሩ ትልልቅ አለቆች፣ ሐዲዱን ሊያዩ የሚመጡ ከሆነ፣ ከመምጣታቸው በፊት የሚቀባ ነገር ሁሉ ኖራ ይቀባል። የጣቢያው ግድግዳ፣ በሐዲዱ ዳር የተደረደረው ድንጋይ፣ የዛፉ ግንድ እስከ ወገቡ። አባዬ የጎልማሳ ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። ኖራ ያልተቀባ ጣቢያ ሰነፍ አለቃ አለው ማለት ነው፤ ግድግዳው ላይ የተጫጫረ ነገር ከተገኘ ደግሞ አለቃው ይቀጣል። እኔም ይህን በልጅ አእምሮዬ አውቅ ነበር፣ ግን አገላብጬ ነው ያወቅሁት። ኖራው በተቀባ በማግስቱ ሁልጊዜ ያሸበረቀ ባቡር ፉጨቱን እየነፋ ይመጣል። ስለዚህ ባቡሩን የሚያመጣው ኖራው ነው። ባቡሩ የቀረው ለካ ኖራ የሚቀባ ሰው ስለጠፋ ነው! አባዬ በመጨረሻ ይህን ስለደረሰበት እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ኢብሮ ኖራውን ከሚያቃጥሉበት ቦታ በባጃጁ ጭኖ አመጣው፤ እየተሳደበ አመጣው፣ ግን አመጣው። ኮረብታው ሥር በርሜል ተከልን። አባዬ ድንጋይ ድንጋይ የሚያክለውን ኖራ በርሜሉ ውስጥ ከተተና ውኃ አፈሰሰበት። ከዚያ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ውኃው ያለ እሳት መፍላት ጀመረ! እየተንፈቀፈቀ፣ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ፣ በርሜሉ ራሱ እያጓራ። እኔ ጮህኩኝ። "አትፍሪ፣ ጠምቶት ነው" አለኝ አባዬ። "ካልቸኮልንበትና እስኪበቃው ካጠጣነው ጥሩ ኖራ ይሆናል።" ሦስት ቀን ውኃ እያጠጣ አሳደረው፤ ከዚያ በጆንያ አጠለለው።

ጨው ቀረ። እማዬን ጨውዋን ለመናት።

"ሳምቡሳዬን አልጫ ልታደርገው ነው?"

"ጨው ያልገባበት ኖራ በልብስ ይነሳል። ጨው ከገባበት ዝናብ አያስለቅቀውም።"

"ዝናብ የት አለና ነው ድሬ?" አለችው፤ ግን ጨውዋን ከነዕቃው ሰጠችው።

ከዚያ ቀባን። እሱ ላይ ላዩን፣ እኔ ከጉልበት በታች ያለውን። በቃጫ ብሩሽ እየነከርን ግድግዳው ላይ ስንለጥፈው መጀመሪያ ምንም አይመስልም፣ ግራጫ ውኃ ነው፤ ሲደርቅ እየነጣ፣ እየነጣ ይመጣል። የጋለው ድንጋይ ሽው ይላል፤ ያ ሽታ ይነሳል። እጄ ተሰነጣጠቀ፣ ማታ እማዬ ዘይት ቀባችኝ። የዚያን ሳምንት ያህል በሕይወቴ ተደስቼ አላውቅም። አባዬ ያፏጭ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ማማው ብቻ ቀረ። ግመሉ፣ ጠመንጃው፣ መስቀልና ጨረቃው፣ ባለ ጉትቻዋ ሴት ከብሩሹ ሥር አለፉ። አባዬ ባቡሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከብሩሹ ጫፍ ኖራው እግሩ ላይ ይንጠባጠባል።

"አባዬ፣ እሱን እንተወው?" አልኩት።

በአንድ እጁ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። "የተጫጫረ ግድግዳ ለእንግዳ አይቀርብም ራሂ" አለ። "ከሥር አለ። እኛ እንዳለ እናውቃለን።"

ከፉርጎዎቹ ጀመረ። መስኮቱ ላይ ያለውን ሰው አለፈው። በመጨረሻ ጭሱን፣ ክብ በክብ። እኔ አልከፋኝም፤ እኔን ማታ ብርድ ልብስ እንደሚያለብሰኝ ባቡሩን ያስተኛው ነው የመሰለኝ።

እንግዶቹ የመጡ ጠዋት አባዬ ካኪውን በካውያ አስተኩሶ ለበሰ። የኮረብታውን ቀጭን መንገድ በግራና በቀኝ በነጭ ድንጋይ አስውቦታል። እኔ ሐዲዱ ዳር ተቀምጬ ፉጨት አዳምጣለሁ። ፉጨት አልመጣም፤ አንድ መኪና መጣ። መኪና በመሆኑ በጣም አዘንኩ፣ ግን ምናልባት ባቡሩ ከኋላ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከመኪናው አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት፣ አንድ ወጣትና የቀበሌው ሰው ወረዱ። ሴትዮዋ ቀና ብላ ኮረብታውን አየች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። አባዬ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጣት። እሷ አጎንብሳ እጅ ነሳችው፤ ደግ ሰው እንደነበረች ከመጀመሪያው ያስታውቃል።

"ይህን ማን ቀባው?" አለች ግቢው ስንገባ።

"እኔ ነኝ" አለ አባዬ ደረቱን ነፍቶ። "ልጄ አግዛኛለች።"

እኔም ደረቴን ነፋሁ።

"አባቴ፣ እዚህ ውስጥ ዘበኞቹ የሳሏቸው ሥዕሎች እንደነበሩ ሰምተን ነበር" አለችው። "ያረጀ ግድግዳ ሌላም ቦታ አለ። እዚህ ያመጡን ሥዕሎቹ ናቸው።"

የአባዬ ደረት ሲወርድ አየሁት። ወደ ማማው አመለከተና "አሉ" አለ። "የትም አልሄዱም። ከሥር ናቸው።"

ማማው ውስጥ ገባን። ከነጭነቱ የተነሳ ዓይን ይወጋል። አባዬ "እዚህ ግመል፣ እዚህ ሴት፣ እዚህ ባቡር" እያለ በጣቱ ባዶውን ግድግዳ አሳያቸው። ወጣቱ እርጥብ ጨርቅ አውጥቶ አንዲት ጥግ አሸት አሸት አደረገ፤ ኖራው ንቅንቅ አላለም። በትንሽ ስለት ጠርዙን ነካ ሲያደርገው አንድ ቅርፊት ተነሳ። ከቅርፊቱ ጋር ያ አሮጌ የጭቃ ልስን አብሮ ተነሳና እንደ ዱቄት መሬት ላይ ፈሰሰ። ከኋላው የቀረው ባዶ ድንጋይ ነው።

"ተው፣ ተው፣ አትንካው" አለች ሴትዮዋ።

አባዬ የፈሰሰውን አፈር አየ። "ለጉብኝት እኮ ነው" አላት። "ለጉብኝት እንዲህ ነው የሚደረገው። ለእናንተ ክብር ነው።"

"አውቃለሁ አባቴ። በመልካም ልብ ነው ያደረጉት።"

ብትሰድበው ይሻል ነበር። ይህን ያኔ አላውቀውም፤ ያኔ ያየሁት አባዬ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ መያዙን ብቻ ነው።

"ጥበቃውስ?" አለ ቀስ ብሎ።

ሴትዮዋ የቀበሌውን ሰው አየችው፤ የቀበሌው ሰው ጫማውን አየ። "ካልተመዘገበ ጥበቃ አይቀጠርለትም" አለች። "በጣም አዝናለሁ።" እውነቷን ነው፣ ዓይኗ እንባ ይዟል። መኪናዋ ወደ መልካ ጀብዱ በኩል እስክትጠፋ አባዬ መንገዱ አፍ ላይ፣ በነጮቹ ድንጋዮች መካከል ቆሞ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሐዲዱን አያለሁ። "አባዬ፣ ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኩት።

በማግስቱ ከእማዬ ዕቃ ማንኪያ ይዞ ወጣ። ማማው ውስጥ ባቡሩ ከነበረበት ግድግዳ ፊት ድንጋይ ላይ ቆሞ ይፍቅ ጀመር። ለስለስ አድርጎ ይሞክራል፣ በውኃ ያርሳል፣ እፍ ይላል። ኖራው ሲነሳ ልስኑ አብሮ ይነሳል። ፉርጎዎቹ የነበሩበት ቦታ ድንጋይ ሆነ። መስኮቱም ሰውየውም ድንጋይ ሆኑ። ቀናት አለፉ። እማዬ አልተቆጣችውም፤ ምሳውን ቋጥራ በእኔ እጅ ትልክለታለች፣ እኔም እንዳልተነካ መልሼ አመጣዋለሁ።

አንድ ቀን "ራሂ! ነይ!" ብሎ ጠራኝ። ድምፁ የድሮው ድምፁ ነበር። ሮጬ ገባሁ። ከጭሱ አንዷ ክብ፣ አንዷ ብቻ፣ ከኖራው ሥር ሙሉዋን ብቅ ብላለች። ትንፋሹን ውጦ በሁለት ጣቱ ዙሪያዋን ደግፏታል። "ላንሳሽ?" አለኝ። እጁን ወደ እኔ ሲያዞር ልስኑ ራሱ ለቀቀ። ድምፅ እንኳን አላሰማም። አባዬ እጆቹን ወደ እኔ እንደዘረጋ ቀረ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ አባቴን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበርና ማንኪያውን አንስቼ ይዤ ቆምኩ፤ ምን እንደማደርግበት አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ምሽጉ አልወጣም። ኢብሮ ማታ እየመጣ ከጎኑ ይቀመጣል። አያቶቹን ግን ሁለቱም አያነሱም። "የሚለቅ ሹፌር ከተገኘ እነግርሃለሁ" አለው አንዴ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ።

ዋናው ጣጣ ምሽጉ መታየቱ ነው። ያ የት እንዳለ ካላወቁ የማይታይ የነበረ ነገር አሁን ከሳቢያን ጥግ ሁሉ ይታያል። ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። መንገደኞች ባጃጅ ውስጥ ሆነው "ያ ነጭ ቤት የማነው?" ሲሉ እሰማለሁ። ሳምቡሳ ሊገዙ የሚቆሙ ሰዎች በጣታቸው እያሳዩ ይጠይቃሉ፤ እማዬ "እኔ እንጃ" ትላለች። አባዬ ወንበሩን ከበሩ አነሳና ጓሮ ወሰደው። እዚያ ከኩሽናው ግድግዳ ሌላ የሚታይ ነገር የለም።

እኔ በልጅነቴ የቻልኩትን አደረግኩ፣ ዝናብ ለመንኩ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትወስደኝ ለትምህርቴ የምጸልይ ይመስላታል፤ እኔ ዝናብ ነበር የምለምነው፣ ብዙ ዝናብ፣ ኖራውን የሚያጥብ፣ ኮረብታውን እንደ ድሮው የሚያደርግ። ኖራው ሲለቅ አባዬ ወንበሩን የሚመልሰው መስሎኝ ነበር። ግንቦትና ሰኔ በሙቀት አለፉ። ሐምሌ ላይ፣ አንድ ከሰዓት፣ ሰማዩ ጠቆረና ወረደ። ሲዘንብ ቆርቆሮው እንዳንሰማማ አድርጎን አመሸ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ከሩቅ ይሰማል፤ እማዬ አማተበች፣ እኔ በሆዴ እየጨፈርኩ ተኛሁ።

ጠዋት ማንም ሳይነሳ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። አቧራው ከዓለም ላይ ታጥቧል። መንገዱ ጥቁር ሆኗል፣ ሐዲዱ ጥቁር ሆኗል፣ ኮረብታው ውኃ ጠጥቶ ጠቁሯል። አናቱ ላይ ምሽጉ ከመቼውም በላይ ነጥቶ ቆሟል።

አባዬ ከኋላዬ መምጣቱን ያወቅሁት እጁን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ነው። ያቺ የጭስ ክብ ከወደቀችበት ቀን ወዲህ ወደ ምሽጉ በኩል ዓይኑን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። በሠራተኛ ዓይን አየው፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ጉድለት እንደሚፈልግ።

"ጥሩ ኖራ ነው" አለ። "ውኃውን በደንብ ጠጥቷል። ጨዉም በልኩ ነበር።"

ትከሻዬን ለቀቀና ወደ ጓሮው ተመለሰ።